ዓይንና ሐሳብ ሲለያዩ

በ2001 ዓ.ም.፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009፣ በአሜሪካ በፊላደልፍያ ከተማ ፍራንክሊን ኢንስቲትዩት በተባለው ቤተ መዘክር ስለ ሥነ ፈለክ አጀማመር የሚያስረዳ ዐውደ ርእይ ተከፍቶ ነበር። ከቀረቡት ዕቃዎች ዋነኛው አንድ ቀጭን ቧንቧ ነው። ይህም ኢጣልያዊው ጋሊሌዎ ከሠራቸው የሩቅ መነጽሮች አንዱ ነው። እርሱ ብዙ መነጽር ሠርቶ ነበር፤ እስከ ዛሬ ሳይጠፉ የቀሩት ግን ሁለት ብቻ ናቸው። ሁለቱም በፍሎሬንስ ከተማ ሲጠበቁ ኖረው፣ ከሁለቱ አንዱ ከዚያች ከተማ ወጥቶ ባሕር ሲሻገር ያ ጊዜ የመጀመሪያው ነበረ። ሰማይ በመነጽር ከታየ 400 ዓመት መሙላቱን ለማሰብ የተደረገ ነው።

የጋሊሌዎ መነጽር ሩቁን የሚያቀርበው፣ ከሁሉ የተሻለው እንኳ፣ 30 እጥፍ ያህል ነው። ዛሬ በገበያ የሚሸጥ የልጆች መጫወቻ ከዚያ አይተናነስም። እንግዲህ ሰው ገንዘብ ከፍሎና ተሰልፎ የሚያየው ስለ ምን ነው ብንል፣ ምእመናን የአንድ አባት መቋሚያ በዕቃ ቤት ተቀምጦ ሲያገኙ የሚሳለሙት እንጨቱ ስላማረ እንዳይደለ እናስብ። የያዘውን እጅ ያስባሉ፤ ተደግፎበት የቆመበትን ሌሊት ያስባሉ። ያም ቧንቧ ቢሆን አንድ ሰው ሌሊቱን ቆሞ ተደግፎበታልና እንዲሁ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በ1608 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር መነጽር ሠሪዎች ሁለት የተሞረዱ መስተዋቶችን በአንድ ቧንቧ አግብተው ሩቁን ቅርብ የሚያደርግ መሣሪያ አወጡ። ጋሊሌዎ ወሬውን ሰምቶ በማግስቱ ዓመት የራሱን ሠራ፤ ሌሎች መርከብና ጦር ሊያዩበት የፈለጉትንም ወደ ሰማይ አቀናው። ጨረቃ እንደ ተወለወለ ብር ለስላሳ መስላ የኖረችው ተራራና ሸለቆ ያላት ሆና ተገኘች። በሰማይ መካከል ነጥቶ የሚታየው መንገድ ስፍር ቍጥር የሌላቸው ከዋክብት ሆነ። በጥር 1610 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሊቃውንቶቻችን ሙሽተሪ፣ አውሮፓውያን ጁፒተር በሚሉት ኮከብ አጠገብ ትናንሽ ብርሃኖች ታዩት። ሌሊት በሌሊት እየተመለከተ በወረቀት ላይ ሥፍራቸውን ሲያሰፍር ሰነበተና አራት እንደ ሆኑ፣ ሙሽተሪንም እየዞሩ እንደሚከተሉት አወቀ። ነገሩን ከባድ ያደረገው ይህ ነው፤ በዚያ ዘመን ሰማያዊ አካል ሁሉ የሚዞረው በምድር ዙሪያ ነው ተብሎ ይታመን ነበርና፣ ምድርን ትተው ሌላውን የሚዞሩ አራት ተገኙ።

በፓዱዋ ከተማ ቼዛሬ ክሬሞኒኒ የተባለ ስመ ጥር ፈላስፋ ነበረ፤ የጋሊሌዎም ባልንጀራ ነው። ይህ ሰው በመነጽሩ ተመልከት ቢሉት ራስን የሚያምታታ ነገር ነው ብሎ ሳያይ እንደ ቀረ ይነገራል። ዘመናውያን ይህን ሲያነቡ ይሥቃሉ። እኛ ግን ከመሣቃችን በፊት ጥቂት ቆም ማለትን እንመርጣለን፤ እርሱ የተናገረውን በሌላ ቃል ሲናገሩ የሰማናቸውን አባቶች እናውቃለንና፣ እነርሱም ሰነፎች አይደሉም። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል፤ በ1633 እ.ኤ.አ. የሮም ፍርድ ቤት ጋሊሌዎን ትምህርቱን አስክዶ በቤቱ ታስሮ እንዲኖር ፈረደበት፤ በግዞት ሳለም በ1642 ሞተ። የሮም ቤተ ክርስቲያን ፈራጆቹ መሳሳታቸውን በአደባባይ የተናገረችው በ1992 እ.ኤ.አ. ነው።

ከወንድሞቻችን አንዳንዶቹ ይህን ታሪክ ሲሰሙ በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ፍርድ አልተደረገም ብለው ይመካሉ። እውነት ነው፤ አልተደረገም። ነገር ግን ያልፈረድነው ስላልተጠየቅን እንደ ሆነ መዘንጋት አይገባም። መነጽሩ በጉባኤያችን ፊት ቀርቦ እዩ ወይም አትዩ በሉ የተባልንበት ቀን አልነበረም። ሰው ያልተፈተነበትን ነገር እንዳለፈው አድርጎ ቢናገር ጌጥ አይሆንለትም።

መነጽሩ ወደ አገራችን ፈጽሞ አልደረሰም ማለት ግን አይደለም። ደርሷል፤ ያውም ወደ ጎጃም። ጀምስ ብሩስ የተባለ የስኮትላንድ ሰው ከጎንደር ተነሥቶ በ1763 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ፣ በአውሮፓውያን ኅዳር 1770፣ ግሽ ዓባይ ሲደርስ የሩቅ መነጽርና የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበት መሣሪያ ይዞ ነበር። በከዋክብት ከፍታ ምንጩ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ገደማ እንደ ሆነ አገኘ። ወደ ምሥራቅ ያለውን ርቀት ያገኘው ግን በምን እንደ ሆነ ብንመለከት እጅግ የሚደንቅ ነው፤ ከእነዚያ ጋሊሌዎ ካያቸው አራቱ በአንዲቱ ነው። የሙሽተሪ ተከታዮች በየጊዜው በሙሽተሪ ጥላ ውስጥ ገብተው ይሰወራሉ። የሚሰወሩበት ሰዓት በአውሮፓ አስቀድሞ ተሰልቶ በሰሌዳ ተጽፎ ነበር። ሰውየው በግሽ ተቀምጦ መሰወሯን አይቶ፣ በዚያች ቅጽበት በእርሱ ዘንድ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ካወቀ፣ በአውሮፓ ካለው ሰዓት ጋር ያስተያያል። ምድር በ24 ሰዓት 360 ዲግሪ ትዞራለችና የ1 ሰዓት ልዩነት 15 ዲግሪ ነው። እንግዲህ ፓዱዋ ላይ አንዳንዶች አናያቸውም ያሏቸው ብርሃኖች፣ 160 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ የዓባይ ምንጭ በምድር ላይ የት እንዳለ መስካሪዎች ሆኑ። ከእርሱ በኋላ በ1830ዎቹ ዓ.ም. የመጣው ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲም ተራራ ከተራራ እያስተያየ አገራችንን በመሣሪያ ሲለካ ብዙ ዓመት ተቀምጧል።

ያው ብሩስ ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን በሦስት ቅጂ ይዞ ሄደ፤ አንዱ በፓሪስ ለንጉሡ ቤተ መጻሕፍት ተሰጠ፤ አንዱም በኦክስፎርድ ይገኛል። በአውሮፓ ይህ መጽሐፍ ከግሪክ ከተረፉ ቍራጮች በቀር ጠፍቶ ነበር፤ ሙሉው በግእዝ ስለ ተጠበቀ በ1821 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ ታተመ። ለእኛ መነጽሩ ገብቶ ወጣ፤ ለእነርሱ ሄኖክ ገብቶ ቀረ። ይህን የምንጽፈው ለቅሬታ አይደለም፤ መጽሐፉ ከእኛ ዘንድ አልጠፋምና። እነርሱ የእኛን የሰማይ መጽሐፍ ሊያነቡ ሲተጉ እኛ በእነርሱ የሰማይ መስተዋት ለማየት መዘግየታችን ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

ሄኖክን ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንናገር። ሊቃውንት እንደሚያውቁት ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ያለው ስለ ብርሃናት አካሄድ ነው። ፀሐይ የምትወጣባቸው ስድስት ደጆች በምሥራቅ፣ የምትገባባቸው ስድስት ደጆች በምዕራብ ተቈጥረዋል፤ የጨረቃም ብርሃን በ14 ክፍል ተከፍሎ ተጽፏል። የዓመቱ ቀን ድምር ግን 364 ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን መጽሐፍ ከቅዱሳት መጻሕፍት ቈጥራ ስትቀበል፣ ዘመኗን የምትቈጥረው ግን በ365 ቀንና በ6 ሰዓት፣ ጳጕሜንን በ4 ዓመት አንድ ጊዜ 6 እያደረገች ነው። ሁለቱን ቍጥሮች አጠገብ ለአጠገብ ይዛ ስትኖር አንዱን ለማዳን ሌላውን አላቃጠለችም። መጽሐፉ የተሰጠው ለምን እንደ ሆነ፣ ቍጥሩም የተሰጠው ለምን እንደ ሆነ አባቶቻችን ለይተው ያውቁ ነበርና። ይህን መለየት ከረሳን ነው ዓይንና ሐሳብ ጠላት የሚሆኑት።

አሁን ወደ አገራችን ጉዳይ እንምጣ። ባለፈው በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 5 ቀን፣ በሆሣዕና እሑድ ሌሊት፣ በብቸና አውራጃ ካሉት አብያተ ክርስቲያናት በአንዱ ማኅሌት ላይ ሳለን፣ ባሕረ ሐሳብ ከጀመረ ዓመት ያልሞላው አንድ ዲያቆን ወደ ደጀ ሰላም ወጥቶ ተመለሰና በማለዳው እንዲህ ብሎ ጠየቀን፤ «የኔታ፣ የዘንድሮው አበቅቴ 1 ነው፤ የሚያዝያ ሕጸጽ 4 ነው፤ ዕለቱ 5 ነው። ቢደመር ሠርቀ ሌሊቱ 10 ይሆናል። ጨረቃይቱ ግን ሞልታ አደረች። የ10 ሌሊት ጨረቃ እንዲህ ትሞላለችን?»

አትሞላም። የሥነ ፈለክ ሰዎችም ያን ሌሊት ጨረቃ ሞልታ እንደ ነበር ይመሰክራሉ፤ የሞላችውም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በሐሳቡ 14ኛዋ ሌሊት የዋለችው ሚያዝያ 9 ቀን በጸሎተ ሐሙስ ነው፤ 1 ና 4 ና 9 ሲደመር 14 ነውና። በዚያን ሌሊት ግን ጨረቃ ጎድላ፣ ዘግይታ ነበር የወጣችው። ልጁ የደመረው በትክክል ነው፤ ያየውም በትክክል ነው። እንግዲህ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ምክንያቱ ለመምህራን የተሰወረ ባይሆንም ለተማሪ ሲነገር አንሰማውምና እዚህ እንጽፈዋለን። ቅዱስ ድሜጥሮስ ከሌሊቱ 23 ሱባኤ 11 አበቅቴን፣ ከመዓልቱ 7 ሱባኤ 19 መጥቅዕን ካወጣ ጀምሮ ሐሳባችን የሚቆመው በንኡስ ቀመር ላይ ነው። 19 የፀሐይ ዓመት 235 የጨረቃ ወር ያህላል፤ በ19ኛው ዓመት ጨረቃና ፀሐይ ወደ ጀመሩበት ይመለሳሉ። ይህ እጅግ የረቀቀ ሐሳብ ነው፤ ዛሬም የሚያደንቀው ብዙ ነው። ነገር ግን 19 ዓመት በ365 ቀን ከ6 ሰዓት ሲባዛ 6,939 ቀን ከ18 ሰዓት ይሆናል፤ 235ቱ ወሮች በሰማይ የሚፈጽሙት ግን 6,939 ቀን ከ16 ሰዓት ተኩል በሚሆን ጊዜ ነው። ልዩነቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በአንድ ሰው ዕድሜ የሚታወቅ አይደለም። በ310 ዓመት ያህል ግን አንድ ቀን ይሞላል፤ የኒቅያ ጉባኤ ከተደረገበት ከ325 እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ዓ.ም. ያለው 1,700 ዓመት ነውና ቀኖቹ ተጠራቅመው ጨረቃይቱ ከሐሳቡ አራትና አምስት ቀን ቀድማ ትሞላለች። የፀሐዩም ዓመት እንዲሁ ከ6 ሰዓት 11 ደቂቃ ያህል ያንሳል፤ ሮማውያን በ1582 እ.ኤ.አ. 10 ቀን የቀነሱት ስለዚህ ነው።

ይህን ጥያቄ በብቸናና በሞጣ መካከል ባሉ መምህራን ዘንድ ብናወራው ክርክር ተነሣ። በዲማ ጊዮርጊስ፣ በደብረ ወርቅ፣ በመርጡለ ማርያም ያሳለፉ ሰዎች በዚህ አገር ብዙ ናቸውና ነገር በዋዛ አያልፍም። አንዱ ጨረቃን አቧራና ጉም አተልቆ አሳይቶት ይሆናል አለ፤ ይህን እንለፈው። ሌላው ደግሞ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ጥቂት የቆየ ወጣት ካህን፣ እንግዲህ ሐሳቡ የማይረባ ሆነ ማለት ነው ብሎ እንደ ቀልድ ተናገረ። ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን ግን «ልጁን ዝም በል በሉት፤ ይህ የታላላቆች ነገር ነው» የተባለው ቃል ነው።

ስለ ምን ያሳዝናል? ተማሪው ዛሬ ዝም ቢል ነገ ከተማ ወርዶ ያንኑ ነገር ከሌላ ሰው መስማቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚያስበው ሐሳቡ ከሰማይ አራት ቀን መለየቱን አይደለም፤ መምህሮቼ ያውቁ ነበር፣ ሸሸጉኝም፤ እንግዲህ ሌላስ ምን ሸሸጉኝ? ብሎ ነው። የአራት ቀን ልዩነት ሃይማኖትን አይነካም፤ መሸሸጉ ግን ይነካል። በዕድሜያችን ከቤተ ክርስቲያን ሲርቁ ካየናቸው ልጆች መካከል በእንዲህ ያለ ጥርጥር የጀመሩ አሉ።

ከትንሣኤ በኋላ በነበረው ሳምንት በሞጣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምር አንድ ምእመን ባለ ሁለት ዓይን መነጽሩን ይዞ ወደ ብቸና መጣ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ሙሽተሪ በምዕራብ በጮቄ ተራራ በላይ ሲያበራ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተሰበሰብን። እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ኮከቡ አልቆም አለ፤ ዲያቆኑም መቋሚያ አምጥቶ መነጽሩን በራሱ ላይ አሳረፈው፤ ያን ጊዜ ጸና። እኛም ተመለከትን፤ ሦስት ነጥቦች ከኮከቡ ግራና ቀኝ በአንድ መሥመር ተሰልፈው ታዩን። አራተኛይቱ ከፊቱ ወይም ከኋላው ሳትሆን አልቀረችም።

ከመካከላችን ዕድሜያቸው ሰማንያ ያለፈ አንድ መርጌታ ነበሩ። መምህሩ «መርጌታ፣ እርስዎም ይዩ እንጂ» ቢላቸው «ይቅርብኝ ልጄ» አሉ። መምህሩ ደግሞ ቢለምናቸው የመለሱት ቃል ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ከልባችን አልወጣም። «የለም ማለቴ አይደለም። አያችሁ ካላችሁ አለ ብዬ አምናችኋለሁ። እኔ ግን ስድሳ ዓመት ያላየሁትን አምኜ ስቀድስ ኖርሁ። ዛሬ ዓይኔን ዳኛ አድርጌ ብሾመው፣ ነገ ደግሞ ከመንበሩ ፊት ስቆም ሥጋው የት አለ፣ ደሙ የት አለ፣ አሳየኝ ይለኛል። ዳኛ አንዴ ከተሾመ በሌላ ቀን ተነሥ ቢሉት አይነሣም» አሉን።

የፓዱዋው ፈላስፋ እንዲህ ያለ ምክንያት ያገኘ አይመስለንም። እርሱ የፈራው አርስጣጣሊስ እንዳይነካበት ነው፤ የእኛ አባት ግን የፈሩት ቍርባኑ እንዳይነካባቸው ነው። እንግዲህ በችኰላ የምንመልስላቸው አይደለም።

እኛ የምንለው ይህ ነው። ዓይን ዳኛ ነው፤ ነገር ግን የወረዳ ዳኛ ነው፤ ሥልጣኑ ከወሰኑ አያልፍም። በመንበሩ ፊት ስንቆም ዓይናችን ኅብስትና ወይን ያያል፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ሃይማኖት ዓይንን ኅብስት አላየህም ብላ አታስክደውም፤ ዓይን ከሚደርስበት አልፎ ያለውን ራሷ ትናገራለች እንጂ። ዓይን ባየው በመሰከረ ጊዜ ሃይማኖት የምታጣው ነገር የለም፤ የምታጣው እኛ በስሟ ዓይንን ሐሰት ያናገርነው እንደ ሆነ ነው። ቶማስ ካልዳሰስሁ ባለ ጊዜ ጌታ ሳያዩ የሚያምኑትን ብፁዓን አላቸው፤ ነገር ግን የቶማስን እጅ አልመለሰም። ቍስሉን ከመዳሰስ ያልከለከለ አምላክ የሠራውን ኮከብ ከማየት የሚከለክል አይመስለንም። መርጌታ ይህን ብንላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልተረቱም። ባለማየታቸውም ኃጢአት የለባቸውም። በሰው ቃል አምነዋልና፤ አላይም ብሎ የለም ከሚል ሰው ጋር አንድ አይደሉም። ሳያይ የሚፈርድ ነው በደለኛ።

ወደ ወጣቱ ካህን ስንመለስ ደግሞ ፌዙ ከመርጌታ ፍርሃት የበለጠ ዕውቀት ያለበት አይደለም። በሐሳብ የሚሣለቅ ሰው የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ራሳቸው በሐሳብ እንደሚኖሩ አልተረዳም። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ 14 ቀን እሑድ ማለዳ ፀሐይ በላሊበላ በጨረቃ ተሸፍና እንደ ቀለበት ስትታይ፣ በእኛም አገር አብዛኛው ፊቷ ተሰውሮ ብርሃኗ ሲደበዝዝ፣ ቀኑና ሰዓቱ ከብዙ ዓመት በፊት ተነግሮ ነበር። ያልመጣውን ያየ ዓይን የለም፤ የተነገረው በቍጥር ነው። በእንጦጦ ተራራ፣ 3,200 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ፣ በ2006 ዓ.ም. የቆሙት ሁለት መነጽሮች እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት ያላቸው ሆነው ሳሉ ያለ ሐሳብ ወደየት እንደሚያቀኑ እንኳ አይታወቅም። ድሜጥሮስም ሆነ የአሁኖቹ የሚደምሩት አንዱን ጨረቃ ነው። ልዩነቱ የእነርሱ ቍጥር በየጊዜው ከሰማይ ጋር እየተያየ ሲታረም፣ የእኛ ግን እንደ ተሰጠ መጠበቁ ነው።

ስለ ምን ተጠበቀ ቢሉ፣ ሐሳቡ የተሠራው ዛሬ ማታ ጨረቃ ምን ትመስላለች ለሚለው ጥያቄ አይደለም። በእስክንድርያም በአክሱምም በሞጣም ያለ ምእመን አንዱ ሲጾም ሌላው እንዳይፈስክ፣ ነነዌና ዐቢይ ጾም ከሰኞ፣ ስቅለት ከዓርብ፣ ትንሣኤ ከእሑድ እንዳይወጣ ነው። ሰማዩ በአንዱ አገር ደመና፣ በሌላው ብራ ነው፤ ቍጥሩ ግን በሁሉ ዘንድ አንድ ነው። ዓይናችንን ተከትለን በየደብራችን ብናርመው ጨረቃን አግኝተን ወንድሞቻችንን እናጣለን። ማረም ካስፈለገም የሲኖዶስና የእኅት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ጉዳይ እንጂ የአንድ ደብር መምህር ጉዳይ አይደለም። (በ2017 ዓ.ም. ሮማውያንም እኛም ትንሣኤን በአንድ ቀን፣ ሚያዝያ 12፣ አከበርን፤ ሐሳባችን ሳይገጥም በዓላችን ገጠመ።) መርጌታ እንኳ በዚህ ላይ አንድ ነገር ጠይቀውናል፤ ልዩነቱ እየሰፋ ሄዶ ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ የፋሲካው ጨረቃ በክረምት ቢሆንሳ? አሉን። እስከዚያ ጌታ ይመጣል ብለን ልናልፈው እንችል ነበር፤ ግን ይህ መልስ አይሆንም፤ ጥያቄው ትክክል ነውና እንዳለ ይቀመጥ።

ስለ ሰባቱ ሰማያትም የሚጠይቁ አሉ፤ መነጽር ጽርሐ አርያምን ስላላገኘ አክሲማሮስ ምን ይሆናል ይላሉ። ባጭሩ እንመልሳለን። በመስተዋት የሚገኝ መንበረ መንግሥት ቢኖር የሚሰገድለት ባልሆነ ነበር። ቅዱስ ባስልዮስ በስድስቱ ቀን ፍጥረት ድርሳኑ የምድር ቅርጿና ስፋቷ ምን ያህል እንደ ሆነ ሙሴ ያልጻፈው ለመዳናችን ስለማይጠቅም ነው ብሎ አስተምሯል፤ ፈላስፎች ግን አይለኩ አላለም።

እንግዲህ መምህራን ወንድሞቻችንን የምንለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ተምሮ ሠርቀ ሌሊት ማውጣት ለጀመረ ተማሪ፣ በዚያው ሳምንት ወደ ደጅ አውጥታችሁ ጨረቃን አሳዩት፤ ልዩነቱንም ከነምክንያቱ ንገሩት። በመጀመሪያ ከእናንተ ይስማው።

ያ ዲያቆን በበኩሉ ሥራ ጀምሯል። ከሚያዝያ ወዲህ በደብተሩ ሁለት ዓምድ አስምሮ በአንዱ ሐሳቡ የሚለውን፣ በሁለተኛው ያየውን ይጽፋል፤ ደመና በሆነበት ሌሊት «አልታየችም» ብሎ ይተወዋል እንጂ ከሐሳቡ ገልብጦ አይሞላውም። በክረምቱ ብዙ ገጽ እንዲሁ አለፈ። ዕድሜው 17 ነው፤ አንድ ንኡስ ቀመር ሲፈጽም 36 ይሆነዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሐሳቡ ከጨረቃ የሚርቀው አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ ስለማይሞላ በዓይኑ ሊለየው እንደማይችል ነግረነዋል። ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ሌላ ይቀጥለዋል ብሎናል። እንግዲያው ወረቀቱን ትተህ በብራና ጻፈው ብለን መክረነዋል፤ አሁን ቆዳ ይፍቃል።